የባንቺ ዕድሜ

ጋዝጊብላ፣ ጥር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህቴ ዝናሽ፣ እንደምን ከርመሻል? ጥምቀትን እንዴት ዋልሽ? ያ የሚያስልሽ ነገርስ ተወሽ? እኔ ከጣቴ ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። ደብዳቤሽን እህል የጫነው ሾፌር አድርሶልኛል። ባንቺ ሁለቴ አነበበችልኝ። ሦስተኛ ድገሚልኝ ብላት "እማ፣ ዓይኔን አፈሰስሽው እኮ" ብላ አጥፋ ሰጠችኝ። እኔ በኽምጣኛ እነግራታለሁ፣ እሷ በአማርኛ ትጽፋለች። እንግዲህ ነገሬ ከጣፈጠሽ የእሷ ነው፣ ከጎረበጠሽ የእኔ ነው።

ለፈረንጅ ለምትሰፊው ልብስ ሴቶቹ ይፈትላሉ ወይ ብለሽ መጠየቅሽ አሳቀኝ። ከተማው አስረሳሽ እንዴ? እዚህ አገር እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች ሴት "ምነው፣ አመመሽ?" ተብላ ትጠየቃለች እኮ! ይፈትላሉ። ጥጡን የሰሃላ ቆለኞች ገበያ ያወጡታል፤ እኛ ዳምጠን፣ አባዝተን እንፈትላለን፤ አስማረ ደግሞ ይሸምናል። አስማረን ግን አንድ ነገር አላስተኛውም። "ቀለም የለው፣ ጥለት የለው፣ እንዲያው ነጭ በነጭ? ፈረንጅ መግነዝ ለብሶ ሊዞር ነው?" ይላል። ልብስ መስፋቱ የእህቴ ፋንታ ነው፣ አንተ ሸምን ብዬዋለሁ።

የፈታይዋ ስም በልብሱ አንገት ላይ ይጻፋል ያልሽው ነገር ግን አከራክሮናል። ጎረቤታችን እማዋይሽ "ሰውዬው ልብሱን ለብሶ ክፉ ሥራ ቢሠራ ኃጢአቱ በስሜ ሊመጣ ነው" አለች። ሳቅን ስንል እሷ የምሯን ነው። በኋላ ግን ስሟ በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ባንቺን በስውር ጠየቀቻት።

ሥራው ይሆን ይመስልሻል ወይ ብለሽኛል። እኔ ምን አውቄ! ይሁን ብቻ በይኝ። የምሻውን ታውቂያለሽ። የልጄ ባልንጀራ አምሳለ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ የዚህ መንደር ልጃገረድ ዓይን መንገድ ላይ ነው። በዚያ በኩል ደግሞ ካሤ ለልጁ ሽማግሌ የላከበትን ነገር አልተወም። እኔ ልጄን ለደላላም ለአማትም አልሰጥም። እኔ የገባሁበትን ትዳር አይተሽዋል፤ ጡቴ ሳያጎጠጉጥ ነው የዳሩኝ፣ የመጀመሪያው ምጥ ሊወስደኝ ነበር። ባንቺ እዚሁ እኔው ዘንድ ሆና እጇ በሚሠራው ትደር። ይኸው ነው ልመናዬ። እሷው እየጻፈችው ነው፣ ትስማው።

ከአንድ ዘመድ ጋር የላክሁልሽ ልቃቂት የእሷ ፈትል ነው።

እህትሽ ጥሩሐረግ

ክርስትና እናቴ፣ እኔ ባንቺ ነኝ። እማ ዞር ስትል ነው ይህን የምጨምረው። ልቃቂቱ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለች፣ ድመታችን ጎትታው ነው። ለፈረንጆቹ እንዳታሳዪብኝ።


አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትየ፣ ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ጣትሽን በሞቀ ጨው ውኃ ዘፍዝፊው። እኔ ደኅና ነኝ፣ ሳሉም ተወኝ፣ ደስታው ነው መሰለኝ ያባረረው።

እልል በይ! ልቃቂቷን ለሴትዮዋ አሳየኋት። ይህች እንግዲህ ያልኩሽ ገዢ ናት፤ በአገሯ ሱቆች አሏት፤ የሰው ግፍ የሌለበት፣ መርዝ ያልነካው ልብስ ብቻ ነው የምትሸጠው። ክሩን በመስኮቱ ብርሃን አንጥልጥላ አየችው፣ በጉንጯ ዳበሰችው፣ "ይህን የፈተለው ማሽን አይደለም?" አለችኝ። የክርስትና ልጄ ናት አልኳት። ስሟን ጠየቀችኝ፤ ባንቺ ስላት ደጋግማ አለችው። እዚያው ቁጭ ብለን ለልብሳችን ስም አወጣንለት፤ "ባንቺ" ሆነ። ንግድ ቢሮም በዚሁ ስም ተመዘገበ። ባንቺዬ፣ ይህን ስታነቢ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው። ቋጠሮዋንም አይታታለች፣ ወደደቻት።

አሁን ደግሞ ደንቡ። ደንብ ያላት ሴት ናት። ፈታይና ሸማኔ የድካማቸውን ያገኛሉ። ማንም ተገዶ አይሠራም። ዕረፍት ይኖራችኋል። ልጅ እጁን አያስገባም፤ ዐሥራ ስምንት ያልሞላት አትፈትልም። ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው ከእነሱ ተልኮ እዚያው ድረስ ይመጣል፣ የእኛው አገር ሰው ነው። አትደንግጡ፤ የጠየቃችሁን እውነቱን ንገሩት። ደጎች ናቸው እትየ፣ እኔ በዚህ ከተማ ስሰፋ የኖርኩባቸውን ቤቶች ብታዪ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባሽ ነበር። ደግ ማዘዝ የሚባል ነገር መኖሩን በዚህ ዕድሜዬ ነው ያየሁት።

ለእማዋይሽ ንገሪልኝ፣ ኃጢአቱ በለባሹ ነው።

ታናሽሽ ዝናሽ


ጋዝጊብላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህቴ፣ እንኳን አደረሰሽ። ፋሲካን እንዴት ዋልሽ? እኛ ደኅና ነን፣ ዶሮም ታርዷል። ቶሎ አልጻፍሽልኝም ብለሽ መውቀስሽ እውነት ነው። ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ጠፍቶኝ ነው።

ሰውዬሽ መጥቶ ነበር። አንገቱን የደፋ ጨዋ ሰው ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ሁላችንን ዛፍ ሥር ሰብስቦ "በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት አላችሁ?" ብሎ ጀመረ። ሴቱ ሁሉ ተንከተከተ። እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ገብርኤል፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ፣ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀበላታለች። መጻፉን አቁሞ "መቼ ነው ታዲያ የምትሠሩት?" አለን።

ከዚያ ዕድሜ ጠየቀ። እማዋይሽ "ንጉሡ ሲወርዱ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር" አለችው፣ ያንን ወደ ቁጥር ለመለወጥ ጭንቅላቱን ሲያክ ነበር። ወዲያው ባንቺ ጋ ደረሰ። ልጄ ዓይኗን ሳታርገበግብ "ዐሥራ ስድስት" አለችው። አብሮት የመጣው የቀበሌው ሊቀመንበርም "መዝገቡም እንዲሁ ነው" አለ። ሰውዬው በእጇ ያለውን ፈትል አየ፣ ተነፈሰ፣ ስሟን ሰረዘው።

አንቺ ክርስትና ያነሳሻት ታውቂያለሽ። ከድርቁ ማግስት፣ ዝናብ በተመለሰበት ዓመት ነው የተወለደችው። ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል። ሁለቱን ዓመት ከመዝገቡ የሰረቅሁላት እኔ ነኝ! የካሤ ሽማግሌዎች ደጄን ሲጠኑት፣ ሕጉ ደግሞ ከዐሥራ ስምንት በታች አይዳርም ሲል፣ ቀበሌ ሄጄ ሁለት ቀነስኩ። ለልጄም "ማንም ቢጠይቅሽ እንዲህ በይ" ብዬ አስጠናኋት። ደግ አደረግሁ። ዛሬም ቢሆን እቀንሳለሁ። ፈረንጅ ደግሞ በዚያው ቁጥር ይመጣብኛል ብዬ በምን አወቅሁት?

አንቺ ንገሪያቸው። አንቺ እኮ ታቅፈሻት ቆመሻል።

ጥሩሐረግ

ክርስትና እናቴ፣ አስቤ አይደለም ዐሥራ ስድስት ያልኩት፣ አፌ ለምዶት ነው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ልመልሰው ብል ሊቀመንበሩ ያየኛል። ልብሱ ስሙ ባንቺ ሆኖ እኔ እንዳልነካው መባሌ ሳቄንም ልቅሶዬንም አመጣው። እማ ግን ምንም አትበይብኝ ብላለች፣ ስለዚህ ምንም አላልኩም።


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትየ፣ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ነገርኳቸው። በማርያም ስም ምዬ ነገርኳቸው፤ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ ዓመቱንም ቀኑንም አውቃለሁ አልኳቸው። ሴትዮዋ እጄን ይዛ አዳመጠችኝ፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ከዚያ "አምንሻለሁ፣ ነገር ግን ወረቀት ያስፈልጋል" አለች። ወረቀቱ ደግሞ ዐሥራ ስድስት ይላል።

ቀበሌ ሄደሽ አስተካክዪልኝ፣ በሞቴ። ተሳስቼ ነበር በይ። ያጠመቋትን ቄስ ይዘሽ ሂጂ። አንድ ማኅተም ነው የጎደለን። እስከዚያ ግን፣ ይህን ማለት ያሳፍረኛል፣ ባንቺ እንዝርት እንዳትነካ። ሰውዬው ሳይነግር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ስትፈትል ካገኛት የእማዋይሽም፣ የአንቺም፣ የሁሉም ሥራ ይቀራል። በአንዷ ሁሉ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

ሴትዮዋን አትቀየሚያት። በሌላ አገር ሕፃናት በጨለማ ቤት ውስጥ ሲሸምኑ አይታለች፣ እሱን ፈርታ ነው። የእኛ ባንቺ የእናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እንደምትፈትል ስነግራት "ሁሉም እንዲህ ይሉኛል" አለችኝ። አፌን ይዤ ወጣሁ።

ባንቺዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ።

ዝናሽ


ጋዝጊብላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህቴ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ መንገዱ ግን ተበላሽቶ ደብዳቤሽ አርጅቶ ነው የደረሰኝ።

ቀበሌ ሄድሽ ወይ ላልሽው፣ አልሄድኩም። አልሄድም። እንዳትቆጪኝ፣ ልንገርሽ። ሽማግሌዎቹን ስመልሳቸው ደረቅ እምቢታ አልነበረም የሰጠኋቸው። እኔ ባሌ የሞተብኝ ሴት፣ ካሤን ያህል ሰው ፊት ለፊት እምቢ ብዬ በዚህ አገር ማን ያርስልኛል? "ሕጉ ይከለክላል፤ ዐሥራ ስምንት ሲሞላት ኑ" አልኳቸው። ቆመው መረቁኝ። ቃሌን በታቦት ፊት እንደተቀበሉ ነው የተቀበሉት። ሊቀመንበሩ የካሤ የእህት ልጅ ነው። እኔ ጠዋት ሄጄ ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል ባልኩ ማግስት ሽማግሌ ደጄ ላይ ነው፣ ያውም በራሴ ቃል! ልጅ ናት ካልኩ እንዝርት ትከለከላለች። ሴት ናት ካልኩ ትዳራለች። ወዴት ላዙራት?

አትንካ ያልሽውን አስነክቻታለሁ ብለሽ አትጠርጥሪ። እንዝርቷን ወስጄ ጣሪያው ሥር ሻጥኩት። እጇን አጣጥፋ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። አላፊ አግዳሚው "ባንቺ፣ ምነው፣ አመመሽ?" ይላታል። አንድ ቀን ከበረቱ ጀርባ ተደብቃ ስትፈትል አገኘኋትና ነጠቅኋት፤ የሰው ዕቃ ስትሰርቅ እንደያዝኳት ሁሉ ነው የጮኽሁባት። በሕይወቴ ልጅን ፈተልሽ ብዬ የምቆጣ እናት እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እሷ ይህንንም እየጻፈችው ነው፣ ቀና ብላ አላየችኝም።

የእኔና የእማዋይሽ ፈትል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ወፍራም ነው፣ አውቃለሁ።

ጥሩሐረግ

ክርስትና እናቴ፣ አምሳለ ጽፋልኝ ነበር። ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት አሠርታለች። ቤይሩት ዕድሜ የሚጠይቅ የለም ትላለች። ይህን እማ አላለችም፣ የእኔ ወሬ ነው። አንቺ ደኅና ሁኚልኝ።


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 28 ቀን 1997 ዓ.ም.

እትየ፣ እንደምን አለሽ? ሰላምታዬን ማሳጠሬን ይቅር በይኝ፣ ልቤ አልረጋ ብሎኛል።

በጥቅምት የላክሽው ደብዳቤ "ከሰማይ ከዋክብት፣ ከባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታ ለክብርት እመቤት" ብሎ ይጀምራል። አንቺ መቼ ነው ክብርት እመቤት ብለሽኝ የምታውቂ? ጽሕፈቱም የባንቺ አይደለም። ፊደሉ ሁሉ እንደ ድርሳን ተቆንኗል። ከታች የእሷን ወሬ ፈለግሁ፣ የለም። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፣ የለም። ስለ ጥጥና ስለ ጤና ብቻ ነው ያስጻፍሽው። ባንቺ የት ሄዳ ነው ሌላ ሰው የሚጽፍልሽ? አሟታል? ወይስ ድረሻት ነው? ድረሻትም ከሆነ ንገሪኝ፣ አልቆጣም።

ሌላም ነገር አለ። ሱቅ የምትጠብቅልኝ ትግስት የምትባል ልጅ አለች። በመስከረም መጨረሻ እኔ ጨርቅ ላመጣ ወጥቼ ሳለሁ አንዲት ወጣት ገባች ትላለች። አዲስ ሱሪ የለበሰች፣ አረማመዷ ሱሪውን ያልለመደ። የተሰቀለውን ልብስ ጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት አደረገችና "ይህ የእማ ፈትል ነው" አለች። ከዚያ በአንገቱ ላይ የተሰፋውን ስም አነበበች። ትግስት ቁጭ በይ፣ አሁን ትመጣለች ብትላት "መኪና ይጠብቀኛል" ብላ ወጣች። ያን ጊዜ ስትነግረኝ የአገር ልጅ ሆና ናፍቋት ነው ብዬ አለፍኩት። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። በሐምሌ የጻፈችልኝን ወሬ ልጅነት ነው ብዬ ሳቅሁበት እኮ!

እሷ አይደለችም በይኝ። ምሥራች ይዣለሁና እሷ አይደለችም በይኝ። ሴትዮዋ ለወረቀቱ መላ አግኝታለች፤ የእኔ የክርስትና እናትነት ምስክርነት በጠበቃ ፊት ተጽፎ ይበቃል ተብሏል። ቀበሌም ካሤም ሳይሰሙ። ባንቺ ትፍተል ተብሏል፣ እትየ። እንዝርቷን ከጣሪያው አውርጂላት።

ዝናሽ


ጋዝጊብላ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1997 ዓ.ም.

ከሰማይ ከዋክብት፣ ከምድር ሣር፣ ከባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታ ይድረስ ለተከበሩ ለእመቤት ዝናሽ።

ዝናሽ፣ ይህ ሰላምታ የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ነው፤ ተዉት ብላቸውም ያለ ሰላምታ ብዕሬ አይነሳም አሉኝ። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው፣ እኔ ያልኩትን ብቻ ይጽፋሉ፣ ተማምለናል።

እሷ ናት።

በመስቀል ሰሞን ሰቆጣ ወርጄ ጥጥ ልግዛ አለችኝ። እኔም ሥራ ፈትታ ከምትቀመጥ ትሂድ፣ ልቧም ይፍታታ አልኩ። ጠዋት ስትወጣ ጉልበቴን ሳመችኝ። ለገበያ ጉልበት ይሳማል? እኔ ግን አልጠረጠርኩም፤ በዓል ነውና ለበዓሉ ነው አልኩ። ከዚያ ስትቀር፣ ስትቀር፣ ከወልድያ የተመለሰች አንዲት ሴት ነጠላዋን አመጣችልኝ። "እዚያ አይለበስም፣ ለእማ ስጪልኝ" ብላታለች። ቤይሩት የሚወስዳት ደላላ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው የሚል መታወቂያ አውጥቶላታል። ሃያ ስድስት! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ።

ለምን አልነገርሽኝም ትያለሽ። በምን አፌ? ልጄን ጠብቂልኝ ብዬ አንቺን ስለምን ኖሬ፣ እኔው እጄ ላይ ስትጠፋ ምን ልበልሽ? ደግሞም ትመለሳለች ብዬ ነበር። ወልድያ ላይ ይከፋትና ትመለሳለች፣ አዲስ አበባ ደርሳ አንቺ ትይዣታለሽ እያልኩ ነው ጥቅምትን የገፋሁት። በደጅሽ ማለፏን ከአንቺ ነው የሰማሁት።

ምሥራችሽ ሲነበብልኝ መሪጌታ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። ሄጄ እንዝርቷን ከጣሪያው አወረድኩት፣ ጥላሸት ጠጥቷል።

ሴትዮሽን አልረግማትም። ልርገማት ብዬም ነበር፣ መሪጌታ አልጽፍም አሉ። ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ልጄ ትጎዳለች ብላ አዝናላት ነው አይደል የከለከለቻት? እሺ። እናቷ ደጃፍ ላይ ጥጥ ለመያዝ ልጅ የሆነችው፣ ባሕር ተሻግራ የሰው ቤት ለመጥረግ እንዴት ትልቅ ሰው ሆነች? እዚያስ የሚሰርዛት ጨዋ ሰው የለም? እንዲያው ልወቀው ብዬ ነው።

ካሤ ሊያጽናናኝ መጣ። ጋቢውን አጣፍቶ ተቀመጠና "ለእኛ ብትሰጪን እኮ አሁን እዚህ ነበረች" አለኝ። ሰውዬው ክፋት አልነበረበትም፣ ዓይኑ ቀልቷል።

ጥሩሐረግ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 17 ቀን 1997 ዓ.ም.

እትየ፣ ጥያቄሽን አድርሻለሁ። ለሴትዮዋ ቃል በቃል አስተርጉሜ ላክሁላት፤ "በጣም አዝናለሁ" ብላ ጻፈችልኝ። እውነቷን ነው፣ ታዝናለች።

ፈልጌያታለሁ። ደላላዎቹ ያሉበትን ፎቅ ወጥቼ ወርጄያለሁ። አንዱ መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ፤ ፎቶዋን አየሁ፣ ፀጉሯን እንደ ትልቅ ሴት አስረውላታል። የማን ቤት እንደገባች ንገረኝ ብለው "ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ራሷን የቻለች ሴት ናት፤ አንቺ ምን አገባሽ?" አለኝ። ክርስትና እናቷ ነኝ አልኩት። ሳቀ። ዕድሜዋ ይህ አይደለም ብዬ ልጮህ ነበር። ብጮህ ደግሞ በሐሰት ወረቀት ሄደች ብለው እዚያ እስር ቤት እንዳያስገቧት ፈራሁ። እንደገና አፌን ይዤ ወጣሁ። እኔ በዚህ ነገር ሁሉ ያደረግሁት አፌን ይዞ መውጣት ብቻ ነው።

ልብሱ ተጭኖ ሄዷል። ወደዱት ይላሉ። በእያንዳንዱ ላይ "የልጅ እጅ ያልነካው" የሚል ወረቀት አንጠልጥለውበታል፣ ከታች ደግሞ "ባንቺ" ይላል። መስፋት ባቆም እማዋይሽና ሌሎቹ ይቀራሉ፤ ብቀጥል በየቀኑ ስሟን በመርፌ እወጋለሁ። ስሙን ላውርደው? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ። ሌላ ስም አውጪልኝና ነገ እለውጠዋለሁ።

ይቅር በይኝ ማለት ሰልችቶሽ ይሆናል። ይቅር በይኝ።

ዝናሽ


ጋዝጊብላ፣ ግንቦት 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

እህቴ ዝናሽ፣ ፋሲካን እንዴት ዋልሽ? መሪጌታ ዛሬ ሰላምታቸውን ትተውልኛል፣ ነገሩ ከብዷቸው ነው።

ስሙን አታውርጂው። እማዋይሽ የሰማች ቀን "ስሟንም ልታባርሩት ነው?" ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው። ይቀመጥ። እኔም እፈትላለሁ፣ ጣቴ እንደፈቀደው። በእሷ እንዝርት ነው የምፈትለው፣ ክሩ ግን የእኔው ወፍራም ነው የሚወጣ። አንቺንም አልተቀየምኩሽም። ተቀይሜሽ ነበር፣ ወጣልኝ። ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?

ወሬ አለሽ ወይ ሳትዪኝ አትቀሪም። አለ። በአምሳለ እናት በኩል የባንቺ ደብዳቤ ደረሰኝ። መሪጌታ ሲያነቡልኝ ድምፃቸው የእሷን ቃል ሲናገር ጆሮዬ እምቢ አለኝ፣ ቢሆንም ሰማሁ። ደኅና ነኝ ትላለች። ቤቱ ትልቅ ነው፣ ደረጃ አለው፣ ልጆቹ ይወዱኛል ትላለች። ስለ ምግቧ አልጻፈችም። ስለ እንቅልፏም አልጻፈችም። የእኔን ደብዳቤ ስትጽፍ ያላልኩትን ትጨምር የነበረችው ልጅ፣ የራሷ ሲሆን ቀነሰችብኝ።

ከታች ግን እንዲህ ትላለች። የገባች ሰሞን እመቤቲቱ ዕድሜዋን ጠየቀቻት። አፏ ለምዶት ዐሥራ ስድስት አለች። ሴትዮዋ ደንግጣ ደላላው ዘንድ መለሰቻት። እዚያ ምን እንዳደረጓት አልጻፈችም። ሃያ ስድስት ነኝ እንድትል አስጠንተው ሌላ ቤት አስገቧት። አሁን ደግሞ የዚህኛው ቤት አሮጊት ፊቷን እያየች "እውነቱን ንገሪኝ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?" እያለች በየቀኑ ትጠይቃታለች። ባንቺ ታዲያ "እማ፣ ለየትኛው ሰው የቱን እንደምል ጠፋኝ። በፊትም አንቺ በይ ያልሽኝን ነው ያልኩት። አሁንም አንቺ ያልሽኝን እላለሁ። ስንት ልበል?" ብላ ጽፋለች።

ዝናሽ፣ ዐሥራ ስድስት በይ ብላት እንደገና ወደ ደላላው ይመልሷታል። ሃያ ስድስት በይ ብላት ያ ደላላ የጻፈባትን እኔው አጸናሁት ማለት ነው። እውነቱ ዘንድሮ ዐሥራ ዘጠኝ ነው። እሱን ደግሞ ከአንቺ፣ ከእኔና ካጠመቋት ቄስ በቀር የሚያውቅ የለም፣ በአንድም ወረቀቷ ላይ አልተጻፈም። አሮጊቷ ትጠላት ይሁን ታዝንላት አላወቅሁም። ወረቀቷን ይዘውባታልና እውነቱን ብትናገር ያስሯት ይሁን ይለቋት እሱንም አላወቅሁም። አንቺ ከተማ ነሽ፣ ደላላውንም ፎቁንም አይተሽዋል።

የአምሳለ እናት ነገ ጠዋት ሰው ትልካለች፣ መልሴን ከእሷ ደብዳቤ ጋር ልታደርግልኝ። ስለዚህ ምክርሽ እንደማይደርስልኝ እያወቅሁ ነው የምጠይቅሽ። ሰላምታውን ጽፈናል፣ የሁሉን ደኅንነት ጽፈናል፣ የድመቷንም ጽፈናል። መሪጌታ ብዕራቸውን ይዘው እየጠበቁኝ ነው። ስንት ብለው ይጻፉላት?

እህትሽ ጥሩሐረግ